ቻይ ተብሎ የተፈረደበት ዓሣ

አማርኛ ቁጥብ ቋንቋ ነው፤ አንዳንዴ ግን ቁጠባው ሰው ያሳስታል። "ቻለ" የሚለውን ቃል ውሰዱ። "እገሌ መኪና መንዳት ቻለ" ስንል እያመሰገንነው ነው። "እገሊት አማቷን ቻለቻቸው" ስንል ግን የምናወራው ስለ ሴትዮዋ መከራ ነው። ሙያና መከራ በአንድ ቃል ተዳብለው ስለሚኖሩ፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስንሻገር በር አናንኳኳም። በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ "እሱ ምን አለበት፣ ቻይ ነው" የተባለ አንድ ሰው አይጠፋም። እግሩ የላላው ወንበር የሚደርሰው ለእሱ ነው፤ የዓመት ፈቃድ ሲደለደል ሐምሌ የሚወድቅበት እሱ ነው፤ ድግስ ላይ እንግዳ ሲበዛ "አንተማ የቤት ሰው ነህ" ተብሎ ከገበታ የሚነሣው እሱ ነው። አህያም የምትተዳደረው በዚሁ ሕግ ነው። አሁን የማነሣው ቻይ ግን ጭነት ተሸክሞ አያውቅም፤ ከሰው ጣት ብዙም የማይረዝም፣ እንደ ሐር መጋረጃ የሚዘናፈል ጭራ ያለው ዓሣ ነው። ቤታ ይባላል። ሰው በቤቱ ከሚያኖራቸው ዓሦች ሁሉ "ምንም አይፈልግም" የሚል ስም የወጣለት እሱ ነው። ቢጠበው ይችላል፣ ቢቆሽሽበት ይችላል፣ ቢበርደው ይችላል፣ ብቻውን ቢሆን ይችላል ይባላል። መቻሉን አልክድም። የምከራከረው መቻሉን እንደ መውደድ ቆጥረን ብርጭቆ ውስጥ ስለከተትነው ነው።

ለክርክሩ እንዲረዳ ባለጉዳዩን ላስተዋውቅ። የትውልድ አገሩ ታይላንድ ነው፤ በቀድሞ ስሟ ሲያም። የአገሩ ሰዎች "ፕላ ካት" ይሉታል፤ ተናካሽ ዓሣ ማለት ነው። የዘር ውርሱን የመረመሩ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ጥናት ሰው ቤታን ማላመድ ከጀመረ ቢያንስ 400 ዓመት እንደሆነው ጽፈዋል፤ አፄ ፋሲል ጎንደርን ሳይቆረቁሩ በፊት ማለት ነው። በ1849 ቴዎዶር ካንቶር የተባለ ዴንማርካዊ ሐኪም ስለ ዓሣው ሲጽፍ "ፑግናክስ" የሚል የላቲን ስም ሰጠው፤ ጠበኛ እንደ ማለት ነው። በ1910 ቻርልስ ቴት ሬጋን የተባለ እንግሊዛዊ ይህ ስም በሌላ የቤታ ዘመድ ቀድሞ የተያዘ መሆኑን አይቶ "ስፕሌንደንስ" አለው፤ አንጸባራቂው። ከጠበኛ ወደ አንጸባራቂ በ61 ዓመት መሻሻል ለማንም ክብር ነው። "ቤታ" የሚለውን የወገን ስም ያወጣው ደግሞ ፒተር ብሊከር የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም ነው፤ በ1850፣ ጃቫ ደሴት ላይ ሰዎች ከሚጠሩበት ስም ወስዶ። በኢንዶኔዥያ ቋንቋ "ቤታህ" የሚባል ቃል አለ፤ ትርጉሙ አንድ ቦታ ለምዶ፣ ችሎ መቀመጥ ነው። የዓሣው ስምና ይህ ቃል ዘመዳሞች ይሁኑ አይሁኑ የቋንቋ ሊቃውንት ይዳኙት፤ እኔ ግን የእኛ "ቻለ" ሩቅ አገር የሥጋ ዘመድ እንዳለው ሳይ ደስ ብሎኛል። ታይላንድ በ2019 ቤታን ብሔራዊ የውኃ እንስሳዋ ብላ አውጃለች። ብሔራዊ እንስሳ ሆኖ በጁስ ብርጭቆ የሚኖር ሌላ ፍጡር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የብርጭቆው ጠበቆች መጀመሪያ የሚያቀርቡት ማስረጃ ትንፋሹን ነው። አብዛኛው ዓሣ ውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን በስንጥቡ እያጣራ ይኖራል። ቤታም ስንጥብ አለው፤ በተጨማሪ ግን ከስንጥቡ በላይ፣ ከራስ ቅሉ ሥር፣ የተጣጠፈና በደም ሥር የተሞላ ሌላ መተንፈሻ አለው። እጥፋቱ መግቢያና መውጫው እንደሚያደናግር ቤት ስለሆነ ላብሪንት ተብሎ ይጠራል። በዚህ ምክንያት ቤታ በየጊዜው ወደ ላይ ብቅ ይልና አየር ጎርሶ ይመለሳል። የእኛም አምባዛ ተመሳሳይ ጥበብ አለው፤ ውኃ ሲጎድል ሌላው ዓሣ አልቆ እሱ ጭቃው ውስጥ የሚሰነብተው አየር መሳብ ስለሚያውቅበት ነው። ጠበቆቹ ከዚህ ተነሥተው እንዲህ ይላሉ፦ አየሩን ከላይ ይወስዳል፣ ስለዚህ የአየር ፓምፕ አያስፈልገውም፣ ስለዚህ ብርጭቆ ይበቃዋል። ሁለተኛው "ስለዚህ" ላይ ነው እግራቸው የሚሰበረው። ዓሣ ውኃ ውስጥ የሚተነፍስ ብቻ ሳይሆን ሽንት ቤቱንም እዚያው ያደረገ ፍጡር ነው። ከሰውነቱ የሚወጣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ ስንጥቡን ይለበልባል። ሰፊ ውኃ ውስጥ አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ የመጨረሻው ከሁለቱ እጅግ የሚሻል ስለሆነ በየሳምንቱ ከውኃው ሩብ ያህሉን በመቀየር ይወገዳል። ባክቴሪያዎቹ በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ሰፍረው እስኪበረክቱ አራትም ስድስትም ሳምንት ይፈጃል። ሥርዓቱ እንግዲህ ቤት ተሠርቶ፣ የማይታዩት ተከራዮች ገብተው፣ ከዚያ ዓሣው እንዲገባ ነው። ብዙ ሰው ግን ዓሣውንም ዕቃውንም በአንድ ቅዳሜ ይገዛና በሚቀጥለው ቅዳሜ "ዕድሜው አጭር ነው ለካ" ይላል። ላብሪንት ያለው ዓሣ አየር አላጠረውም፤ ይህ እውነት ነው። የኦክስጅን ጠርሙስ ታቅፎ ሽንት ቤት ውስጥ የሚኖር ሰውም አየር አላጠረውም።

ቀጥሎ የሚመጣው የጂኦግራፊ ክርክር ነው። ቤታ በትውልድ አገሩ የሚኖረው በሩዝ ማሳ፣ በረግረግና በቦይ ነው፤ ኩሬ የለመደ ሰው ባሕር ምን ያደርግለታል ይላሉ። ፎገራ ላይ በክረምት ሩዝ ማሳ ያየ ሰው የዚህን ክርክር ቀዳዳ ወዲያው ያገኘዋል። ውኃው ቁርጭምጭሚት ላያልፍ ይችላል፤ ስፋቱ ግን ዓይን አይጨርሰውም። ጥልቀት የሌለውን ነገር ጠባብ ነው ብሎ መተርጎም ሰፊ ምንጣፍን ቀጭን ስለሆነ ኪስ ውስጥ ይገባል እንደማለት ነው። በበጋ ማሳው ሲደርቅ ቤታ ትንሽ ኩሬ ውስጥ ሊታገት እንደሚችል አልክድም፤ እዚያም ዝናብ እስኪመጣ ሊሰነብት ይችላል። ነገር ግን ጎርፍ ያፈናቀለው ሰው በትምህርት ቤት አዳራሽ ሦስት ወር ተኛ ብለን፣ የመኖሪያ ቤትን ስፋት ልክ ከዚያ አዳራሽ አንወስድም። ዓሣ አርቢዎች ለአንድ ቤታ በጥቂቱ ይገባዋል ብለው የሚጠቅሱት ወደ 20 ሊትር ውኃ ነው። ይህን በእኛ አገር መለኪያ ስተረጉመው አንድ ቢጫ ጀሪካን ይሆናል። ውኃ ሲጠፋ በየደጁ ተሰልፎ የምናየው ጀሪካን፣ አንድ! ይህን ያህሉን ቅንጦት ብሎ መከራከር ተከራካሪውን ራሱን ያሳፍራል።

ሙቀቱንም አብረን እናንሣ፤ ምክንያቱም እኛ ደጋ ላይ ለምንኖረው ትልቁ ነገር እሱ ነው። ቤታ ደመ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰውነቱ የሚሠራው ውኃው በሰጠው ሙቀት ነው፤ የሚስማማውም ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ሌሊቷን የሚያውቅ ያውቀዋል። ማሞቂያ በሌለው ብርጭቆ ውስጥ ያለ ቤታ እዚህ የሚኖረው ሁልጊዜ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው፤ አይንቀሳቀስም፣ ክንፎቹን ይሰበስባል፣ ምግብ ሲጣልለት ዘግይቶ ያያል። ጠያቂው መጥቶ "እንዴት ያለ ረጋ ያለ ዓሣ ነው!" ይላል። መርጋቱ እውነት ነው፤ ቅቤም ሲቀዘቅዝ ይረጋል። "ማሞቂያ እንሰካለን፤ መብራት ሲጠፋስ?" የሚል ካለ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ወደ ጀሪካናችን ይመልሰናል። አንድ ብርጭቆ ሻይ በደቂቃዎች ይቀዘቅዛል፤ አንድ ትልቅ ድስት ውኃ ግን እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሌሊት ይወስዳል። 20 ሊትር የሞቀ ውኃ ዙሪያውን ጋቢ ቢደረብለት ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ለዓሣ ጋቢ ማልበስ የሚያስቅ ከሆነ ይሳቅ፤ ዓሣው ቅር አይለውም።

እስካሁን ያለፉት ተቃውሞዎች ቀላል ነበሩ። ከባዱ ይኸኛው ነው፦ "የዓሣው ባለቤቶች ታይላንዳውያኑ ራሳቸው በጠርሙስ አይደለም ወይ የሚያኖሩት?" አዎን፣ በጠርሙስ ነው። የታይላንድ አርቢዎች ወንዶቹን በየጠርሙሱ ለያይተው፣ በመቶ የሚቆጠር ጠርሙስ ጎን ለጎን ደርድረው፣ ዓሦቹ እንዳይተያዩ በመካከላቸው ካርቶን አቁመው ያሳድጋሉ። ይህን ሳይጠቅስ የሚከራከር ሰው ሐቀኛ አይደለም። ግን ጠርሙሱን ብቻ አይቶ አገሩን አለማየት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። እዚያ ማሞቂያው አየሩ ነው፤ ማጣሪያው ደግሞ ውኃ መቀየር ሥራው የሆነ ሰው ነው። ጠርሙሱም ለዓሣው የሽያጭ ቀኑን የሚጠብቅበት መናኸሪያ እንጂ ርስቱ አይደለም፤ ሳምንታት ይቆይበትና ይሸጣል። ከዚያ አውሮፕላን ተሳፍሮ አሜሪካ ሲደርስ በሱቅ መደርደሪያ ላይ በፕላስቲክ ኩባያ ይደረደራል፤ ኩባያውም ያው መናኸሪያ ነው። ገዢው ግን ዓሣውን ቤቱ ወስዶ ከኩባያ ወደ ብርጭቆ ሲያዛውረው ጉዞው ያለቀ ይመስለዋል። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በዳላስ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ውሻ ለምኖ "ውሻ ቤት ውስጥ አይገባም" ተብሎ ዓሣ የተገዛለት የሐበሻ ልጅ ብዙ ነው። ወላጆቹ ቤታን የመረጡት አይጮህም፣ ፀጉር አያራግፍም፣ ውጭ አውጡኝ አይልም ብለው ነው። ሁሉም እውነት ነው። ሦስቱም ግን ስለ ወላጆቹ ምቾት እንጂ ስለ ዓሣው የሚናገሩት ነገር የለም።

አሁን ዓሣው ወደሚታወቅበት ጠባይ እንምጣ፤ ብቻውን መኖሩ የሚወደድለትም የሚፈረድበትም በዚሁ ነውና። ሁለት ወንድ ቤታ አንድ ገንዳ ውስጥ አይኖሩም፤ ይህ ክርክር የለውም። ወንዱ ሌላ ወንድ ሲያይ የስንጥቡን ክዳኖች እንደ ጎፈር ገልብጦ፣ ክንፉን ሁሉ ዘርግቶ፣ ራሱን በእጥፍ አሳብጦ ይቀርባል። ዱር ውስጥ ነገሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ያበቃል፤ ጥቂት ደቂቃ ይፎካከራሉ፣ አንዱ ልኩን ያውቅና ሣር ውስጥ ይገባል። ጠብን እስከ ሞት ያደረሰው ለውርርድ ሲባል ኃይለኛ ኃይለኛውን እየመረጠ ያዳቀለው ሰውና ማምለጫ የሌለው ዕቃ ነው። ከዚህ ተነሥቶ "ቤታ ማንንም አይወድም፣ ብቸኛ ነው፣ ማየትም መታየትም አይፈልግም" ብሎ መደምደም ግን ማስረጃው አይፈቅድም። በ1998 ኦሊቬይራ፣ ማክግሬገርና ላትሩፍ የተባሉ ተመራማሪዎች ወንድ ቤታዎችን የሌሎችን ጠብ ከመስታወት ማዶ ሆነው እንዲያዩ አደረጉና ኋላ ከተጣሉት ጋር አገናኟቸው። ተመልካቹ ዓሣ ሲሸነፍ ያየውን በቶሎ ቀረበ፤ ሲያሸንፍ ያየውን ግን ለመቅረብ አመነታ። ጠቡን ሳያይ የቀረበ ዓሣ ይህን ልዩነት አላደረገም። በሌላ አነጋገር ቤታ በመስኮት መጋረጃ ስንጥቅ የጎረቤቱን ጠብ ተከታትሎ በሚቀጥለው ቀን ለማን ሰላምታ እንደሚሰጥ የሚያስብ ፍጡር ነው። ይህን ጠባይ ብቸኝነት ብሎ የሚጠራ ሰው ሰፈር ውስጥ ኖሮ አያውቅም።

ነገሩ ከዚህም ይብሳል። ሁለት ወንዶች ሲፎካከሩ ሴት ቤታ የምታያቸው ከሆነ ንክሻውን ቀነስ፣ ትርኢቱን ጨመር እንደሚያደርጉ በ2001 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ሴቷም በበኩሏ ያየችውን አትረሳም፤ ጠቡን የተከታተለች ሴት ኋላ ወደ አሸናፊው እንደምታደላ ከዚያ አንድ ዓመት በፊት የታተመ ሌላ ጥናት አሳይቶ ነበር። በ2020 ደግሞ ጃፓን ውስጥ የተሠራ ጥናት የባሰ ጉድ አመጣ፦ ለአንድ ሰዓት የተፋለሙ ሁለት ዓሦች አንጎላቸው ውስጥ የሚነቁትና የሚተኙት ጂኖች ሃያ ደቂቃ ብቻ ከተፋለሙት ይልቅ እርስ በርስ ተመሳስለው ተገኙ። አፍ ለአፍ ተያይዘው ይታገላሉ፣ አየር ሲያጥራቸው ተላቅቀው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ጎርሰው ይመለሳሉ፤ ተራና ሥርዓት አለው። ሠላሳ ዓመት በድንበር ክስ ሲመላለሱ አነጋገራቸውም አካሄዳቸውም አንድ የሆነ ሁለት ጎረቤታሞችን ያየ ሰው ይህ ጥናት ብዙ አያስደንቀውም። እንግዲህ ቤታ ብቻውን መኖር ያለበት ማኅበራዊ ስሜት ስለሌለው ነው ሊባል አይችልም። ስሜቱ ከልክ በላይ ስለሆነ ነው ቢባል ይሻላል፤ ስለዚህም የሚታይ ነገር፣ የሚሸሸግበት ቅጠል፣ የሚዞረው ጥግ ያስፈልገዋል። ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ቤታ ሰፈር የሌለው ወሬኛ ነው።

"እንግዲያውስ መስታወት እንስጠዋ!" የሚል ብልህ እዚህ ላይ ይነሣል፤ ማስረጃም አያጣም። በ1963 ትራቪስ ቶምፕሰን "ሳይንስ" በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጥናት፣ ቤታ የራሱን ምስል በመስታወት ለማየት ብቻ ሲል የተሰጠውን ተግባር ደጋግሞ እንደሚፈጽም አሳይቷል፤ ሌላው እንስሳ ለምግብ የሚሠራውን እሱ ለጠብ ይሠራል። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ መስታወት ማሳየት ክንፉን ያፍታታለታል የሚሉ አርቢዎች አሉ፤ አልቃወማቸውም። ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ማስቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። እውነተኛ ባላንጣ ወይ ይሸነፋል፣ ወይ ያሸንፋል፣ ወይ ይደክመዋል። የመስታወቱ ባላንጣ ግን ዓሣው ሲያብጥ ያብጣል፣ ሲደክም ይደክማል፣ ሲመለስ ይመለሳል፤ ሽማግሌ ገብቶ የማይፈታው፣ ይግባኝም የሌለው ክስ ነው።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም፤ ግን አንድ የሚያስቅ ታሪክ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ቤታን የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ከትቶ ከላዩ ፒስ ሊሊ የተባለ ተክል መትከል ፋሽን ሆኖ ነበር። ዓሣው የተክሉን ሥር እየበላ ይኖራል፣ ተክሉም የዓሣውን ቆሻሻ ይመገባል፣ ባለቤቱ አበባውን ያያል፤ ማንም ለማንም ወጪ የለበትም ተባለ። ቤታ ግን ሥጋ በል ነው፤ አፉ ወደ ላይ የተቆለመመው ውኃ ላይ የሚወድቁ ነፍሳትንና የትንኝ እጭ ለመልቀም ነው። ሥር የሚቆነጥረው ሌላ ስላጣ ነው፤ "ሥር ይበላል" የተባለውም እንግዲህ "ይችላል" የምንለው ቃል እንደገና ተገልጦ ነው። በእኛ አገር የዚህ ወንድም የሚሆነው የእንጀራ ፍርፋሪ ነው፤ ጤፍ ለሰው እንጂ ለቤታ አልተፈጠረም። በሌላ በኩል ደግሞ ፍቅራችንን በምግብ የምንገልጽ ሕዝቦች ነንና ማጉረሱ እንዳይበዛ ያሰጋል። ሆደ ሰፊ የምንለው ቻይ ሰው ነው፤ ይህ ቻይ ግን ሆዱ ከዓይኑ ብዙ አይበልጥም ይላሉ አርቢዎች። በቀን ሁለት ሦስት ፍሬ የተዘጋጀ ምግብ ይበቃዋል። ብዙዎቹም ሆዱ እንዳይነፋ በሳምንት አንድ ቀን ያስጾሙታል፤ ረቡዕ ይሁን ዓርብ ለባለቤቱ የተተወ ነው።

በመጨረሻ የሚመጣው ተቃውሞ ሳቅ የለውም። "ሰው ቤት አጥቶ በአንድ ክፍል ስድስት ሆኖ በሚያድርበት አገር፣ ስለ ዓሣ ስፋት መጨነቅ ምን ይሉታል?" ይላል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ የሚነሣበት ሰዓት ግን ዘግይቷል። ይህን የሚል ሰው ዓሣውን ገዝቶ፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ እንግዳ አሳይቶበት ጨርሷል። ማንም ዓሣ እንዲያኖር አልተገደደም። ቤት ለሌለው ሰው የሚያስብ ከሆነ ከነጭራሹ አለመግዛት ይችል ነበር፤ ለአንድ ጀሪካን ውኃ ቦታ የሌለው ሰው ቤታ ባይገዛ ዓሣውም እሱም ይጠቀማሉ፤ ይህን ለማለት አላፍርም። ከገዛ በኋላ ግን የድሃውን ስም ጠርቶ የዓሣውን ውኃ መቀነስ ለድሃው የሚጨምረው ነገር የለም። ተከራይ አከራዩን ያማል፣ ይነታረካል፣ ሲብስበት ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። ይህኛው ተከራይ አይናገርም፤ መውጫውም አንድ ብቻ ነው፤ ክዳን ካልተደረገበት ዘሎ መሬት ላይ መውደቅ። ቤታ ዘላይ መሆኑን የማያውቅ ባለቤት ይህን መውጫ የሚያገኘው ጠዋት ወለሉን ሲጠርግ ነው። ወደ ዱር እንልቀቀው እንዳይባልም፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል 180 ዲግሪ የሚዘረጋ ጭራ የሠራንለት እኛ ነን። እንዲህ ያለ ካባ ለብሶ ከጠላት መሸሽ አይቻልም፤ ማጣሪያው ኃይለኛ ጅረት የሚፈጥር ከሆነ እንኳ ቀኑን ሙሉ ሲጎተት ይውላል። አልባሾቹ እኛ ነን፤ የምናኖርበትን ማሰብም የእኛ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የብርጭቆው ጠበቃ አንድ የቀረችውን ማስረጃ ይመዛል፦ የአረፋ ጎጆ። ወንዱ ቤታ አየር እየጎረሰ በምራቁ ለብጦ ውኃው ላይ ትናንሽ አረፋ ይደረድራል። ሴቷ እንቁላሏን ስትጥል በአፉ ለቅሞ አረፋው ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ሴቷን ያባርርና ብቻውን ይጠብቃል፤ የወደቀውን ያነሣል፣ የፈነዳውን አረፋ ይተካል። የእኛ ቆሮሶ ሴቷ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ስትዞር አባትየው የለበትም፤ ቤታ ቤት ግን አባት ነው ሞግዚቱ። "ይኸው ብርጭቆው ውስጥ ጎጆ ሠራ፤ ደስ ባይለው ይሠራ ነበር?" ይላል ጠበቃው። ይሠራል። ሴት ባይኖርም ይሠራል፣ ውኃው ቢቆሽሽም ይሠራል፤ ወንድ ቤታ ለመውለድ ሲደርስ ሰውነቱ የሚያዘው ሥራ ነውና። በተከራየው አንድ ክፍል ውስጥ የሠርግ ዕቃ የሚያጠራቅም ጎረምሳ ክፍሉ ተመችቶታል ብሎ የሚመሰክር አከራይ ብቻ ነው።

ጎጆው የሚናገረው ስለ ክፍሉ ካልሆነ፣ ስለ ክፍሉ የሚናገረውን ሌላ ቦታ መፈለግ ነው። ውኃው የሞቀ፣ ቅጠል ያለበት፣ ጅረቱ የለዘበ 20 ሊትር ገንዳ ውስጥ ያለ ቤታ ሲታይ፣ ቀኑን በከፊል ጥበቃ ላይ ያሳልፋል፤ ጥግ ጥጉን ይዞራል፣ ከቅጠሉ ሥር ብቅ ይላል፣ ቀንድ አውጣ ካለ ይመረምራታል፣ ሲደክመው ከውኃው ወለል አጠገብ ያለ ሰፊ ቅጠል ላይ ጋደም ይላል፤ የሚመግበውን ሰው ሲያይ ወደ መስታወቱ ይመጣል። ማታ ክፍሉ ጨልሞ የገንዳው መብራት ብቻ ሲቀር የገንዳው ግድግዳ ከውስጥ በኩል የፊት መስታወት ይሆናል፤ ያኔ ከቅጠሉ ማዶ የማያውቀው ወንድ ድንበሩን ሲገፋ ያያል፣ ጎፈሩን ይገለብጣል፣ ክንፉን ይዘረጋል። ብርጭቆ ውስጥ ሆኖም ያብጥ ነበር፤ እዚያ ግን የሚከላከለው ነገር አልነበረም። አሁን አንድ ጀሪካን ሙሉ ርስት አለው። የገንዳውን መብራት አጥፉለትና ይተኛ።